ለዐሥር ዓመት ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ወዴት ይሂድ?

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። ባለፈው ክረምት ለልጆች የሚሆን ልብ ወለድ ጽፌ ጨረስሁ። የትምህርት ቤቱ ደወል የሆነው የመኪና ቸርኬ ከተሰቀለበት ዛፍ ላይ ይጠፋል፤ ሦስት ልጆች ሊፈልጉት ይነሣሉ። 20 ምዕራፍ አለው። ዓርብ ዓርብ ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ‹ትንሽ ይጨምሩልን› ይሉኛል። አዲስ አበባ ሄጄ ለአንድ አሳታሚ ሳሳየው ግን ‹ወይ 24 ገጽ ባለ ሥዕል ተረት አድርጊውና መጨረሻው ላይ ምክሩን ጻፊበት፣ ወይ ልጆቹን አሳድገሽ የፍቅር ታሪክ አድርጊው፤ መሐል ላይ ያለውን የሚገዛ የለም› አለኝ። ዕቁቤ በቅርቡ ይወጣልኛል። በራሴ ወጪ 3,000 ቅጂ ላሳትም አስቤአለሁ፤ ባለቤቴ አልተስማማም። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ደግሞ ‹እዚህ ላሉ ልጆች እንዲሆን እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ጨምሪበት› ትለኛለች። ልቁረጠው? ላሳትመው? እስከዚያስ ተማሪዎቼ ምን ያንብቡ? — መምህርቷ»

ውድ መምህርት፣

ታሪኩን አይቁረጡት፤ ልጆቹንም አያሳድጓቸው። የዕቁቡን ገንዘብ ግን ለ3,000 ቅጂ አያውጡት። በዚህ ላይ ባለቤትዎ ልክ ናቸው።

አሳታሚው «መሐል ላይ ያለውን የሚገዛ የለም» ማለቱ ቢያሳዝንም ከሜዳ ተነሥቶ የተናገረው አይደለም። በእኛ ሀገር የልጆች መጽሐፍ ሲባል አብዛኛው ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚመጣለት ቀጭን፣ ባለ ቀለም ሥዕል፣ ጦጣና አንበሳ የሚነጋገሩበት ተረት ነው። ይህ መልካም ቅርስ ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ለዐርባ ዓመት ገደማ በቴሌቪዥን ተረት እየነገሩ ስንት ትውልድ አሳድገዋል። የቀጭኔዋ አሻንጉሊት የፀሐይ ፕሮግራም ደግሞ ፊደል ለሚለዩ ትንንሾች ደርሶላቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መደርደሪያ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ፊደል ቆጥሮ፣ ቃል አገጣጥሞ፣ ያለማንም እርዳታ ማንበብ የጀመረ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የተረቱ መጽሐፍ በአንድ ቁጭታ ያልቅበታል፤ ቀና ብሎ ሲያይ የሚጠብቀው የወላጆቹ ባለ 400 ገጽ ልብ ወለድ ነው።

ከ8 እስከ 12 ዓመት ያለው ዕድሜ ልጅ አንባቢ ሆኖ የሚቀርበት ወይም ከመጽሐፍ ጋር የሚለያይበት ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው እንደነበር ተናግረዋል። ኋላ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ክፍል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልገው አጡ። በዚያ ቁጭት ከሀገር ተረት የተቀዳ ባለ ሁለት ቋንቋ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ወደ ሀገራቸውም ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሐዋሳ ላይ ሥራ ጀመረ። የእርስዎ ባለ 20 ምዕራፍ ታሪክ የሚያስፈልገው እንደ እርሳቸው ያለ ልጅ ገና ዐሥር ዓመት ሳለ እጁ እንዲገባ ነው። ስለዚህ 24 ገጽ ካደረጉት ብዙ ወንድምና እህት ወዳሉት መደርደሪያ ይመልሱታል፤ የፍቅር ታሪክ ካደረጉት ደግሞ የጻፉለትን ልጅ ጥለውት ይሄዳሉ።

አሁን ስለ ጽሑፉ። ረቂቁን ስላላየሁት የምለው ሁሉ ከደብዳቤዎ የተነሣ ነው።

መጀመሪያ የምጠይቅዎ ቸርኬውን ማን ያገኘዋል የሚለውን ነው። ርእሰ መምህሩ፣ ፖሊሱ ወይም አንድ ብልህ አያት ካገኙት ያንን ምዕራፍ እንደገና ይጻፉት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አዋቂ የማያየውን አይቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር መክሮ፣ ተሳስቶ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ ነገሩን ራሱ ሲደርስበት ማየት ይፈልጋል። ፍትሕ ያንገበግበዋል፤ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ እንቅልፍ አይወስደውም። ቸርኬው ሲጠፋ በሐሰት የሚጠረጠር ሰው በታሪኩ ውስጥ አለ? የጥበቃው ሠራተኛ ይሁን፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አዲስ ተማሪ ይሁን፣ እንዲህ ያለ ሰው ካለ የመጽሐፉ ልብ እዚያ ነው። ከሌለ ያስቡበት።

ሁለተኛ፣ መጨረሻው ላይ ምክር አይጻፉ። «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» የሚለውን ገጽ ወላጆች ይወዱታል፤ እርስዎም መምህርት ስለሆኑ እጅዎ ወደዚያ ቢሄድ አይደንቀኝም። ልጁ ግን ያንን ገጽ ሲያይ እስካሁን የደከመበት ሁሉ ሌላ የፈተና ወረቀት እንደነበር ይገባዋል። ሌባው ለምን እንደሰረቀ ታሪኩ በደንብ ካሳየ፣ በመስረቅና በችግር መካከል ያለውን ነገር ልጁ ያለ እርስዎ እርዳታ ያስበዋል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ተማሪዎችዎ ታሪኩን ሰምተውታል እንጂ አላነበቡትም። ጥሩ አንባቢ መምህርት በድምፅዋ የረዘመውን ዓረፍተ ነገር ታቀናዋለች፣ የሰለቸውን ቦታ ታፋጥነዋለች፣ ንግግሩን በየሰዉ ድምፅ ትለያየዋለች። ልጁ ብቻውን ሲቀመጥ ያ ድምፅ የለም። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ሦስት አራት ሐረግ ከደረደሩ ልጁ ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። አንዱ ቃል ራሱ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ አሉታውንና ጊዜውን ጠቅልሎ ስለሚይዝ ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ቃላት ያሉበት መስመር ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ዳገት ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ለዚህ ዕድሜ ከ30,000 እስከ 50,000 ቃል ይጽፋሉ ሲባል ሰምተው ከሆነ አይጨነቁበት፤ የእኛ ቃል ብዙ ስለሚሸከም 15,000 ቃል ገደማ ሙሉ መጽሐፍ ይወጣዋል። ምዕራፉ ልጁ በአንድ ቁጭታ የሚጨርሰው ይሁን። ሆሄያቱንም ቢሆን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አንዴ በመረጡት መንገድ እስከ መጨረሻው ይሂዱ፤ ተማሪው በመማሪያ መጽሐፉ ለምዶት ወደሚያውቀው አጻጻፍ ቢጠጉ ይሻላል።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ረቂቁን በ14 ነጥብ ፊደል፣ መስመሩን አራርቀው አስተይበው፣ አምስት ስድስት ቅጂ ፎቶ ኮፒ ያስነሡ። ለእርስዎ ተማሪዎች አይስጡ። ስለሚወዱዎና ስለሚያከብሩዎ ከማሞገስ በቀር ምንም አይነግሩዎትም። በሌላ ትምህርት ቤት ለምታስተምር ባልደረባ ይስጧትና እርስዋ እርስዎ ለማያውቋቸው ልጆች ታድል። ሁሉም ጎበዝ አንባቢ አይሁኑ፤ መካከለኛውም፣ የሚቸገረውም ይኑርበት። ልጆቹ አንድ ሥራ ብቻ ይኑራቸው፤ ማንበብ ያቆሙበት ቦታ ሁሉ ላይ በእርሳስ መስመር ያስምሩ። ለምን አቆማችሁ ተብለው አይጠየቁ፤ ለእራትም ይሁን ለመሰልቸት ያቁሙ። ቅጂዎቹ ሲመለሱልዎት አራቱ ልጆች አንድ ምዕራፍ ላይ ካሰመሩ ችግሩ እዚያ ወይም ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ላይ ነው። «መጽሐፉን ወደዳችሁት?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ቀጥሎ ምን የሚሆን መስሏችሁ ነበር?» የሚለውን ትጠይቃቸው። ግምታቸው ለእርስዎ ውድ ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ አርታኢ ይፈልጉ። የፊደል ግድፈት የሚያርም ሰውና ታሪኩን የሚያርም ሰው ሁለት ናቸው፤ ለሁለቱም በጀት ይያዙ። ልጅ የተሳሳተ ፊደል ካየ ያንኑ ይዞ ያድጋል።

ወደ ኅትመቱ ስመጣ፣ ማተሚያ ቤትና አሳታሚ አይምታቱብዎ። ማተሚያ ቤት ያመጡለትን አትሞ ያስረክባል፤ መጽሐፉ ቢሸጥ ባይሸጥ ጉዳዩ አይደለም። አሳታሚ ገንዘቡን ራሱ አውጥቶ፣ አርትኦቱን፣ ሽፋኑንና ሽያጩን ተሸክሞ ለእርስዎ ድርሻ የሚከፍል ነው። «አሳታሚ ነኝ» ብሎ ሙሉ ወጪውን ከእርስዎ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎ ማተሚያ ቤት በቀጥታ ቢሄዱ ይቀልልዎታል። የልጆች መጽሐፍ የሚያወጡ አሳታሚዎች ስላሉ አንዱ እምቢ ስላለ ተስፋ አይቁረጡ፤ ለሁለት ለሦስት ሌሎች ያሳዩ። ሲሄዱ ግን ልጆቹ ያሰመሩበትን ቅጂና ምን እንዳስተካከሉ ይዘው ይሂዱ። «የሚያነበው የለም» ለሚል ሰው ያነበቡትን ልጆች ማሳየት ከሁሉ የተሻለ መልስ ነው።

በራስዎ ለማሳተም ከወሰኑ በ300 ቅጂ ይጀምሩ። ማተሚያ ቤቶች ብዙ ቅጂ ሲያዝዙ የአንዱ ዋጋ እንደሚወርድ ይነግሩዎታል፤ እውነት ነው። በኦፍሴት ኅትመት ፕሌት የሚባለው የማተሚያ ሰሌዳና የማሽን ዝግጅት ወጪ አንዴ ስለሚወጣ ቁጥሩ ሲበዛ ይከፋፈላል። ነገር ግን አልጋ ሥር የተከመረ 2,700 መጽሐፍ አንዱ በስንት እንደታተመ ማንም አይጠይቅም። ለትንሽ ቁጥር ዲጂታል ኅትመት አለ፤ የአንዱ ዋጋ ከፍ ቢልም ሊጠፋ የሚችለው ጠቅላላ ገንዘብ ትንሽ ነው። ስሕተት ቢገኝም ለሁለተኛው ኅትመት ያስተካክሉታል። የገጹን ቁጥር በ16 እንዲካፈል አድርገው ያስቡ፤ ወረቀቱ የሚታጠፈው በዚያ ስለሆነ 96 ወይም 112 ገጽ ቢሆን ባዶ ወረቀት አይከፍሉም። ባለ ቀለም ለሽፋኑ ብቻ ይሁን። ውስጡ በየምዕራፉ አንድ ጥቁርና ነጭ የመስመር ሥዕል ይበቃዋል፤ ይህ ዕድሜ ሥዕል ይወዳል፤ ሁሉን ነገር ተስሎ እንዲያይ ግን አይፈልግም። ሠዓሊውን በነጻ አያሠሩት፤ የተስማማችሁበትን ክፍያና ሥዕሎቹን የትና ለስንት ጊዜ እንደምትጠቀሙባቸው በጽሑፍ አስፍራችሁ ተፈራረሙ፣ ስሙንም ከስምዎ ጋር ሽፋኑ ላይ ያውጡት።

የመብቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራዎ በወረቀት እንደሰፈረ ጥበቃ አለው፤ ለዚያ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት ዘመንዎና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ልጆችዎ ይወርሱታል ማለት ነው። ስለዚህ አሳታሚ አግኝተው ውል ሲያቀርብልዎ በደስታ ብዛት ሳያነቡ አይፈርሙ። «ሁሉንም መብት» የሚል ሐረግ ካለበት ያቁሙት። የአማርኛውን የወረቀት ኅትመት ይስጡት፤ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ወደ ትግርኛ ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጎሙ፣ በሬዲዮ ድራማ መቅረቡ፣ በድምፅ መቀረጹ ለየብቻ የሚፈረምበት ይሁን። ውሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይና መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ ሳይታተም ቢቀር መብቱ ወደ እርስዎ እንደሚመለስ ይጻፍበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ማሳተም ውል የራሱ ክፍል አለው፤ የሕግ ባለሙያ ዘመድ ካለዎት አንዴ ያሳዩት። አይኤስቢኤን የሚባለውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ብዙዎቻችን ወመዘክር ከምንለው ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ያገኛሉ፤ ሲታተምም ቅጂ ያስገባሉ።

አሁን ሽያጩ። እዚህ ላይ የልጆች መጽሐፍ ከአዋቂው ይለያል፤ አንባቢው ገንዘብ የለውም፣ ገንዘብ ያለው አያነበውም። አባት መጽሐፍ መደብር ገብቶ ገልጦ ሲያየው ሥዕል ያነሰበት፣ ምክር የሌለው፣ እንግሊዝኛም የማያስተምር መጽሐፍ ከሆነ መልሶ ያስቀምጠዋል። አዟሪም ፈጥኖ የሚሸጥለትን ነው ተሸክሞ የሚዞረው። አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ በአደራ ከሰጡት በቁጥር ያስፈርሙ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 300 ቅጂዎች ልጆች ወዳሉበት ይውሰዷቸው። ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሄደው አንድ ምዕራፍ ጮክ ብለው ያንብቡና ልክ ነገሩ ሲጦዝ ያቁሙ። ይህን ከእርስዎ በላይ የሚችል የለም። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አምስት አምስት ቅጂ እንዲገዙ ከርእሰ መምህሩና ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ጋር ይነጋገሩ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ለራስዎ ክፍል ልጆች አይሽጡ። ውጤት የምትሰጥ መምህርት መጽሐፏን ስትሸጥ «አልገዛም» ማለት የሚችል ልጅ የለም፣ የሌለው ልጅም ያፍራል። ለእነርሱ ሁለት ሦስት ቅጂ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡላቸው፤ ይዋዋሱት።

እስከዚያ ተማሪዎችዎ ምን ያንብቡ ላሉኝ፣ መሶቡ ባዶ አይደለም፤ መፈለግ ግን ይጠይቃል። የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክና የሕንዱ ስቶሪዊቨር የተባሉት ድረ ገጾች በአማርኛም ታሪኮች አሏቸው፤ በነጻ አውርዶ ማተምና ማባዛት ይቻላል። አብዛኞቹ አጫጭር ስለሆኑ ለአምስተኛ ክፍል ጎበዞች ቢያንሱም፣ ማንበብ ለሚቸግራቸው ልጆች ያለ ኀፍረት የሚለማመዱባቸው ናቸው። ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በሀገር ውስጥ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት ሲያሳትምና የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት ሲደግፍ ኖሯል፤ በአካባቢዎ እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ሲሄዱ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተውን የአብርሆት ቤተ መጻሕፍትን የልጆች ክፍል ይጎብኙ፤ የሚወዷቸውን ርእሶች መዝግበው ወደ መደብሮቹ ይሂዱ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ደግሞ በደርግ ጊዜ ከታተሙትና ከሶቪየት ኅብረት በአማርኛ ተተርጉመው ከመጡት የልጆች መጻሕፍት ዛሬም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ሲያገኙ አይለፏቸው፤ ወረቀታቸው ቢያረጅም ብዙዎቹ ልጅን አክብረው የተጻፉ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ አንድ ካርቶን ሞልተው ክፍልዎ ጥግ ላይ ያኑሩ፣ ማን ምን እንደወሰደ የሚመዘግቡት ልጆቹ ራሳቸው ይሁኑ። የትኛው መጽሐፍ ቶሎ ቶሎ እንደሚወጣ ከመዝገቡ ያያሉ፤ ለቀጣዩ ድርሰትዎም ይጠቅምዎታል።

እህትዎ ያቀረቡት ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ለዚህኛው መጽሐፍ ግን አይሆንም። እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ከገባ 112 ገጹ ከ200 ያልፋል፤ ወጪውም፣ የሚያስፈራው ውፍረትም ለደብረ ብርሃኑ ልጅ ይተርፋል። ዋሽንግተን ያለው የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ገጽ ወደ አማርኛው ዞር አይልም። እንዲህ ያሉት ልጆች ብዙዎቹ አማርኛውን ሲሰሙ ይገባቸዋል፤ የሚከብዳቸው ፊደሉ ነው። እርስዎ ደግሞ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኝ ንባብ አለዎት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች በስልክዎ በጥሩ ሁኔታ ቀርጸው ለእህትዎ ይላኩላቸው። ልጆቹ ከተሰበሰቡበት ቤት ያሰሟቸው፣ አራተኛውን ምዕራፍ ከጠየቁ ያሳውቁዎት። ስንት ቅጂ ወደዚያ እንደሚላክ የሚወስኑት ያን ጊዜ ነው፤ በ300ው ውስጥ አስቀድመው አይቁጠሩት።